«ኢዝ» ካልን በኋላ ምን እንበል?

በማኅበራችን አዳራሽ የማታው የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲከፈት የተነበበ ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል።



በቅድሚያ ዝናብና ጭቃ ሳትሉ በመምጣታችሁ ማኅበሩ ምስጋናውን ያቀርባል። ይህን ንግግር መምህራችን ቢያደርጉት በተሻለ ነበር። ነገር ግን «ችግሩ የደረሰው በሰፈሩ ላይ ነው፣ ሰፈሩ ይናገር» ስላሉን እኛ ጽፈን፣ እሳቸው አርመውልን እነሆ እናነባለን። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ስንናገር ፈገግ የሚል ቢኖር አንቀየምም።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈራችን እናት በውጭ አገር ሰዎች ቤት በወጥ ቤትነት ለመቀጠር ተነጋግራ ነበር። ስሜን አትጥሩ ብላለች፣ ታሪኩን ግን ንገሩት ብላ ፈቅዳለች። አንድ ቅዳሜ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደች። ስልኩ ጮኸ፤ አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጅዋ አነሣችው። ሴትዮዋ ናት፤ በእንግሊዝኛ «እናትሽን ላነጋግራት?» አለቻት። ልጅቷ ጥያቄው ገብቷታል። «የለችም» ልትል ፈልጋ «ሺ ኢዝ ኖት» አለች። ሴትዮዋ ቀሪውን ጠበቀች፤ ቀሪ የለም። «ሺ ኢዝ ኖት፣ ምን?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ጨነቃት። በሱቅ ዕቃ ሲያልቅ «ኖ ሞር» ሲባል ሰምታለችና የለም ማለት እሱ መስሏት «ሺ ኢዝ ኖ ሞር» አለቻት። ይህ በእንግሊዝኛ «አርፋለች፣ በሕይወት የለችም» ማለት ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ፣ ማዘኗን ገልጣ ስልኩን ዘጋች።

እናትየዋ ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ልጅቷ «ደውለው ነበር፣ አለመኖርሽን ነገርኳቸው» አለቻት። እሷም መልሰው ይደውላሉ ብላ ጠበቀች። በሳምንቱ ራሷ ብትሄድ በሩን የከፈተችላት አዲሷ ወጥ ቤት ሆና ተገኘች።

ታዲያ በልጅቷ ላይ መፍረድ አይገባም። የእኛው «የለም» እኮ ሁለቱንም ይችላል። «አባቱ የለም» ስንል ወደ ሥራ ሄዷል ማለትም፣ ሞቷል ማለትም ይሆናል፤ የሚለየው በተናጋሪው ፊት ነው። በስልክ ደግሞ ፊት አይታይም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አማርኛ «ነው» እና «አለ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። «ሐኪም ነው» እንላለን፤ «ቤት አለ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም የሚጠቀመው በአንድ ግስ ነው፤ እሱም «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር» እየሆነ ይመጣል። መምህራችን «ሊንኪንግ ቨርብ» ይሉታል፤ እኛ አገናኝ ግስ ብለነዋል። እንደ ድልድይ ስለሆነ ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ይፈልጋል። «አለ» ብቻውን ይቆማል፤ «ኢዝ» ብቻውን ሲቆም ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። ልጅቷ የጎደላት አንዲት ቃል ነበረች። «ሺ ኢዝ ኖት ሂር»፣ አለቀ። መምህሩ አንድ ነገር ጨምሩ ብለውናል፦ ጠያቂው ራሱ «ኢዝ ሺ ሂር?» ብሎ ከሆነ «ኖ፣ ሺ ኢዝ ኖት» ይበቃል፤ «ሂር» የምትለው በጥያቄው ውስጥ ስላለች ነው።

«ሂር» ተውሳከ ግስ ናት፣ የት እንደሆነ ትናገራለች። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው። «ሂ ኢዝ አውት» ወጥቷል፤ «ሂ ኢዝ ባክ» ተመልሷል፤ «ሂ ኢዝ አብሮድ» ውጭ አገር ነው፤ «ሺ ኢዝ አፕስቴርስ» ፎቅ ላይ ናት። አስተውሉ፣ እኛ በሙሉ ግስ የምንለውን እነሱ በ«ኢዝ»ና በአንዲት ትንሽ ቃል ይጨርሱታል። መብራት ሲጠፋ «ዘ ላይት ኢዝ ኦፍ»፣ ሲበራ «ዘ ላይት ኢዝ ኦን»። ስብሰባው ሲያልቅ «ዘ ሚቲንግ ኢዝ ኦቨር»። ይህን ለማወቅ መቼም በሰፈራችን ልምምድ አይጠፋም፤ መብራቱ ራሱ ያለማምደናል።

ቦታውን በስሙ መጥራት ከፈለግን ከስሙ በፊት መስተዋድድ እናስገባለን። እኛ «ስብሰባ ላይ ነው» ስንል «ላይ» ከኋላ ነው፤ በእነሱ ከፊት ይመጣል። «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሚቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ አት ወርክ»፣ «ዘ ቺልድረን ኢን ዘ ያርድ» ማለት ግን አይበቃም፤ «አር» መሀል መግባት አለባት፤ «ዘ ቺልድረን አር ኢን ዘ ያርድ»። እዚህ ላይ እኛም ብዙ ተሳስተናል።

መስተዋድዱ ራሱ ትርጉም ይለውጣል። «ሆስፒታል ናት» ስንል ታማ ተኝታም፣ ልትጠይቅ ሄዳም፣ እዚያ ተቀጥራም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዞቹ አነጋገር «ሺ ኢዝ ኢን ሆስፒታል» ከተባለ ታማ ተኝታለች ነው። ለጠያቂ ወይም ለሠራተኛ «ሺ ኢዝ አት ዘ ሆስፒታል» ይባላል። እስር ቤትም እንዲሁ ነው፤ «ኢን ፕሪዝን» ማለት ታሳሪ፣ «አት ዘ ፕሪዝን» ሲባል ስንቅ ልታደርስ የሄደችም ልትሆን ትችላለች። ውጭ አገር ላለ ዘመድ አሠሪ ወይም የትዳር ጓደኛ በእንግሊዝኛ መልእክት የሚጽፉ ወጣቶች ይህችን በደብተራቸው ያስፍሩልን። በአንዲት ፊደል ሰው ሊያስደነግጡ ይችላሉ።

በዚህ ዓይነት የሚመጣው ቦታ ብቻ አይደለም። «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሃሪ» ቸኩሏል፣ «ሂ ኢዝ ኢን ደት» ዕዳ አለበት፣ «ሂ ኢዝ አውት ኦፍ ወርክ» ሥራ ፈትቷል። በአሳንሰር ላይ «አውት ኦፍ ኦርደር» ተብሎ ተለጥፎ ካያችሁ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ በደረጃ ውጡ።

አሁን ወደ ፈተናው ዕቃ እንምጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም እንግሊዝኛን ለብቻው ይፈትናል። ልጆቻችን ከሚወድቁባቸው አንዱ «ሊ» ነው። «ሃፒ» ሲባል ደስተኛ፣ «ሃፒሊ» ሲባል በደስታ። ታዲያ ልጁ «ደስ ያላት ትመስላለች» ለማለት «ሺ ሉክስ ሃፒሊ» ይላል። ስሕተት ነው፤ «ሺ ሉክስ ሃፒ» ነው። የት እንደሆነ የሚናገር ተውሳከ ግስ ከአገናኝ ግስ በኋላ ይገባል፤ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው፣ ማለት ባለ «ሊ»ው፣ በቦታው አይገባም፤ እዚያ ቅጽል ነው የሚቀመጠው።

ግን «ሺ ሉክት አት ሂም አንግሪሊ» ይባላል፣ ትክክልም ነው። ልጆች እዚህ ላይ ይናደዳሉ፣ እኛም ተናደን ነበር። መፍትሔውን ያገኘነው ከአማርኛችን ነው። ግሱን ወደ አማርኛ መልሱት። «ትመስላለች» ከሆነ አገናኝ ነው፣ ቅጽል ስጡት። «ተመለከተች» ከሆነ ሥራ ነው፤ በቁጣ ተመለከተችው፣ «ሊ» ይግባ። «ስሜል»ም እንደዚሁ ነው። ቡናው ሲያውድ «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ»፤ እሷ ወተቱን ተጠንቅቃ ስታሸተው «ሺ ስሜልድ ዘ ሚልክ ኬርፉሊ»። «ሸተተ» እና «አሸተተ»፤ እኛ በአንዲት «አ» የለየነውን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ቀላቅሎታል። «ፊል»ም «ተሰማኝ» ሲሆን «አይ ፊል ባድ» ነው፤ «ዳሰሰ» ሲሆን «ዘ ዶክተር ፌልት ማይ አርም ጀንትሊ» ይሆናል። ይህን ስናቀርብላቸው መምህራችን ለጊዜው ዝም አሉና «ይህንስ እኔም አላስተማርኩም» አሉን። ትንሽ ኩራት ተሰምቶናል፣ አንደብቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። «ፍሬንድሊ» እና «ሎንሊ» በ«ሊ» ያልቃሉ፣ ግን ቅጽሎች ናቸው፤ «ሺ ኢዝ ፍሬንድሊ» ምንም ነውር የለውም። «ዌል» ደግሞ ጤነኛ ማለትም ስለሚሆን «አይ አም ዌል» ማለት ይቻላል።

የጊዜ ነገርም አለ። «ዘ ሚቲንግ ኢዝ ኦን ሳንደይ አት ስሪ» ማለት እሑድ በእነሱ ሦስት፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በጠዋት መጥቶ በር ላይ እንዳይቆም ለፈረንጅ ስትጽፉም፣ ፈረንጅ ሲጽፍላችሁም ስድስት ሰዓቱን አትርሱ።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። ለመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ መካከል አምስት ሰዎች በዚያች ሰዓት የት እንዳሉ በ«ኢዝ» ጽፎ ይምጣ። በስልክ አጠገብ የሚለጠፍ ወረቀትም አዘጋጅተናል፣ ስትወጡ ከበሩ ላይ ውሰዱ። በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ፊደል የተጻፈ ነው፤ «ሺ ኢዝ አውት። ሺ ዊል ቢ ባክ አት ስሪ።» ይላል። የመጀመሪያውን ቅጂ በእጅዋ የጻፈችልን ያቺው ልጅ ናት።