የየቲም ልጅ የጨዋታ ሐቅ

ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች በነቀምቴ የተደረገ ንግግር



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች መጠጊያ በሆኑት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲም ስንሰበሰብ የምንነጋገረው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቁርኣን ትምህርት ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ በምክር አይጠግብምና። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከቁም ነገር የማንቆጥረውን አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም ትንንሽ ልጆች በቀን ምን ያህል ጊዜ ከቤት ውጭ መጫወት ይገባቸዋል? አባቱን ያጣው ልጅስ ይህን ጊዜ ያገኛልን? የሚለው ነው።

የየቲሙ ቀን እንዴት ያልፋል?

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የልጆችን ውሎ ብንመለከት ልዩነቱ ይታየናል። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሰፈሩ ሜዳ ይሮጣል። እናቱ ትጣራለች፤ እርሱም እንዳልሰማ ይሆናል። ትቆጣዋለች፤ ነገር ግን ትተወዋለች። ከአጎቱ ወይም ከአክስቱ ቤት የተጠጋው የቲም ግን በልቡ ራሱን እንደ እንግዳ ይቆጥራል። ስለዚህም ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳያዙት ይሠራል። ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃን ያዝላል፣ ሱቅ ይጠብቃል፣ ማታ ደግሞ መድረሳ ይቀመጣል። «አትጫወት» ብሎ የከለከለው ሰው የለም፤ «ሂድ ተጫወት» ያለውም የለም። የቲም ደግሞ ካልፈቀዱለት አይደፍርም።

አንዳንድ አሳዳጊዎች «ይህ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ጨዋ ነው» ብለው ሲያመሰግኑ እንሰማለን። በማስተማር ባሳለፍናቸው ዓመታት የተረዳነው ግን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ዝምታ ሁልጊዜ አደብ አለመሆኑን ነው። ሐዘን ሊሆን ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ፣ ሲወድቅና ሲነሣ፣ ተጣልቶ ሲታረቅ ያልታየ ልጅ ሊመሰገን ሳይሆን ሊጠየቅ ይገባዋል፤ «ምን ሆንክ ልጄ?» ተብሎ።

ሌላም የምንስተው ነገር አለ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ደጅ ስለዋለ የተጫወተ ይመስለናል። ነገር ግን ጄሪካን ተሸክሞ ከቧንቧ መመላለስ ሥራ ነው፤ በመንገድ ዳር ቆሎ ይዞ መቀመጥም ሥራ ነው። ልጅ በአቅሙ ቢታዘዝ መልካም ነው፤ ኃላፊነትን ይማርበታል። ጨዋታ የሚባለው ግን ልጁ ራሱ የመረጠው፣ ሲፈልግ የሚጀምረውና ሲበቃው የሚተወው ነው።

ዲናችን ስለ ልጅ ጨዋታ ምን ያስተምረናል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው የሞቱት ገና ሳይወለዱ ነበር። የመጀመሪያ የልጅነት ዓመታቸውንም ያሳለፉት በመካ ቤቶች ውስጥ ሳይሆን በሐሊማ አስ-ሰዕዲያ እጅ፣ በበኑ ሰዕድ ሜዳ ነው። በወቅቱ የመካ ሰዎች ሕፃናት ንጹሕ አየር እንዲያገኙ፣ ሰውነታቸው እንዲጠነክርና አንደበታቸው እንዲቀና ወደ ገጠር ይልኳቸው ነበር። መላእክት መጥተው ደረታቸውን የከፈቱበት ታላቅ ክስተት የደረሰውም ከልጆች ጋር እየተጫወቱ ሳሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የቲሞች ሁሉ አርአያ የሆኑት ነቢይ ሜዳ ላይ የተጫወቱ ልጅ ነበሩ ማለት ነው።

ካደጉም በኋላ ለልጆች ጨዋታ የነበራቸው ርኅራኄ የታወቀ ነው። የልጅ ልጃቸው በሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜ፣ ልጁ እስኪበቃው ድረስ ሱጁዱን አስረዝመዋል። አቡ ዑመይር የተባለው ትንሽ ልጅ የሚጫወትባት ወፍ በሞተችበት ጊዜም ስለ ወፏ ጠይቀው አጽናንተውታል።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው የአነስ ኢብን ማሊክ ታሪክ ነው። አነስ አባቱ ሞቶበት በእናቱ በኡሙ ሱለይምና በእንጀራ አባቱ በአቡ ጦልሓ ቤት ያደገ ልጅ ነበር። በአሥር ዓመቱ ገደማ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማገልገል ጀመረ። አንድ ቀን ሲላክ መንገድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች አገኘና ቆመ። ነቢዩ ከኋላው መጥተው አንገቱን ያዙት። ዞር ብሎ ሲያያቸው ይሥቁ ነበር። አልተቆጡትም፤ አልመቱትም። ስለ መልእክቱ በፍቅር ጠየቁት፤ እርሱም አሁን እሄዳለሁ አላቸው። ተልኮ በዘገየ የቲም ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው ይህን ሐዲስ ያስታውስ።

«ልጅ ጨዋታ ካበዛ ትምህርት ይጠላል» የሚሉም አሉ። ይህን ጥያቄ ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ኪታባቸው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት መልሰውታል። ልጅ ከቁርኣን ትምህርት ሲወጣ ከድካሙ የሚያርፍበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት ይገባል፤ ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ብቻ ከተያዘ ግን ልቡ ይሞታል፤ አእምሮው ይደነዝዛል፤ ከትምህርቱ የሚያመልጥበትንም ብልሃት ይፈልጋል ብለው አስተምረዋል። ከመድረሳ እየጠፋ ያስቸገረን ልጅ ካለ፣ ከመቅጣታችን በፊት መጫወቻ ጊዜ እንዳለው እንጠይቅ።

ምን ያህል ሰዓት ይበቃል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ሦስትና አራት ዓመት የሞላቸው ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃውን በሩጫ፣ በዝላይና ይህን በመሰለ ብርቱ እንቅስቃሴ ሊያሳልፉት ይገባል። ሕፃን ታዝሎም ሆነ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቴሌቪዥንና ስልክ እያየ እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ያሳስባል። ከአምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልጋቸው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ገልጿል።

መመሪያው እንቅስቃሴው የግድ ደጅ ይሁን አይልም። ነገር ግን ስድስትና ሰባት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ እሳትና የፈላ ሻይ ባለበት፣ ልጅ ወዴት ይሮጣል? ለእኛ ከተሞች ልጆች እንቅስቃሴ ማለት ደጅ ማለት ነው።

የፀሐይም ጉዳይ አለ። «ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» እየተባለ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚውል ሕፃን ብዙ ነው። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳይቷል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210 የሚሆኑት ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ ግን በሽታው የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነው። ሰውነት አጥንትን የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ በዋናነት የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በነጻ የተሰጠን የአላህ ጸጋ ሆና ሳለ ሕፃናት በእርሷ እጦት መጎዳታቸው ያሳዝናል። የሰው ዓይን እውነት መሆኑን ዲናችን ያስተምራል፤ መከላከያው ግን ዱዓና ዚክር እንጂ በር መዝጋት አይደለም።

ለመድረሳ ኡስታዞችም አንድ ነገር እንጨምር። በቻይና በጓንግዙ ከተማ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት፣ የሩቁን አጥርቶ የማየት ችግር አዲስ የያዛቸው ከመቶው 30 ገደማ ሲሆኑ፣ ጊዜው ካልተጨመረላቸው ግን ወደ 40 ይጠጋሉ። ሙስሐፍ ላይ አጎንብሶ የሚውለው ደረሳ ዓይኑ እንዲበረታ ወደ ሩቅ የሚመለከትበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ተከፍሎ ወደ ሦስት ሰዓት የሚሆን ጊዜ በደጅ ያግኝ። ትምህርት የጀመረው ከሥራም ከትምህርትም ነጻ የሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት በየቀኑ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያግኝ።

ፍርሃታችንና የያዕቆብ ታሪክ

የአሳዳጊዎችን ፍርሃት አናቃልልም። ያለፉት ዓመታት በወለጋ ለብዙ ቤተሰቦች የመከራ ዓመታት ነበሩ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ አካባቢ በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች ወደ ነቀምቴና ወደ አካባቢው መጥተዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ብዙ ንጹሐን ተገድለዋል። ይህን ያየ አሳዳጊ በሩን ቢዘጋ አይፈረድበትም። በተጨማሪም «የሰው ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ምን እመልሳለሁ?» የሚለው ጭንቀት አለ። አማናውን የሚፈራ ሰው የተመሰገነ ነው።

ነገር ግን በሱረቱ ዩሱፍ የተነገረንን እናስተውል። የዩሱፍ ወንድሞች አባታቸውን የጠየቁት ዩሱፍ ከእነርሱ ጋር ወጥቶ እንዲጫወት፣ እነርሱም እንዲጠብቁት ነበር። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ጨዋታውን አልነቀፉም። የፈሩት እነርሱ ተዘናግተው ሳሉ ተኩላ እንዳይበላው ነበር። በመጨረሻ ጥፋቱ የመጣው ከሜዳውም ከተኩላውም አልነበረም፤ «እንጠብቀዋለን» ብለው ከወሰዱት እጅ ነው እንጂ። እንግዲያው ልንጠይቅ የሚገባን «ልጁ ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ሳይሆን «ከማን ጋር ይውጣ? ማን ይመልከተው?» የሚለውን ነው።

መልሱም ከእጃችን አይርቅም። በአንድ ሰፈር አምስት ስድስት አሳዳጊ ቤተሰቦች ተነጋግረው በሳምንት አንድ አንድ ቀን ተራ ቢገቡ፣ አንድ የታመነ ዐዋቂ ለሁሉም ልጆች ይበቃል። ቦታውም ከባጃጅና ከመኪና መንገድ፣ ከወንዝና ክፍት ከሆነ ጉድጓድ የራቀ ይሁን። የመስጂድ ግቢ ካለ ከሰላት ሰዓት ውጭ ለዚህ ቢከፈት ነውር የለበትም። ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ኋላ ሆና እንደተመለከተቻቸው በትክክለኛ ሐዲስ ተላልፏል። የእኛ አገር ሰዎች በዚያ መስጂድ ጨዋታ ካልተከለከሉ፣ ልጆቻችን ከእኛ መስጂድ ግቢ ስለ ምን ይባረራሉ?

ሰዓቱም ከሱናው የተገኘ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድናስገባ አዘዋል። ይህ ትእዛዝ እስከዚያ ድረስ ልጆች ደጅ እንደነበሩ ያስረዳናል። ስለዚህ ከዐስር ሰላት በኋላ ያለው ጊዜ ለጨዋታ፣ መግሪብ ሲቃረብ ወደ ቤት። እንደ ዴዴሳ ሸለቆ ባሉ የወባ ቦታዎች ይህ ሥርዓት የወባ ትንኝ ከሚበረታበት ሰዓትም ይጠብቃል።

ክረምታችን ረጅም ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ አይለየንም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሚዘንብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ልጁ ይውጣ፤ ጭቃ ይታጠባል። ውድ መጫወቻም አያስፈልግም። የጨርቅ ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ አባቶቻችን ያሳደጉን ኮርቦ ሁሉ ያለ ገንዘብ የሚገኙ ናቸው። ሴት ልጆችም አይረሱ። የቤት ሥራው ከወንድሟ ይልቅ የሚከመረው በእርሷ ላይ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት ስትጫወት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጓደኞቿን ወደ እርሷ ይልኩላት እንደነበር እናስታውስ።

ማሳሰቢያችን

የተከበራችሁ ለጋሾች፤ ስለምትረዱት ልጅ ስትጠይቁ «ስንት ጁዝ ሐፈዘ? ስንተኛ ወጣ?» ከሚለው ቀጥሎ «ከማን ጋር ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጠየቀ ነገር ይታሰብበታል። የተከበራችሁ አሳዳጊዎች፤ ለየቲሙ በአንደበታችሁ ፍቀዱለት፤ «ሥራህን ጨርሰሃል፤ ሂድ ተጫወት» በሉት። ይህች ቃል ብር አትጠይቅም፤ ለእርሱ ግን ቤቱ ቤቱ መሆኑን የምትነግረው ናት። ኡስታዞችም ከረጅም ትምህርት መካከል ዕረፍት ስጡ።

የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ተነግሮናል። እንክብካቤ ደግሞ ሆድን መሙላት ብቻ አይደለም፤ ልብንም ማስደሰት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቻችንን ይጠብቅልን፤ ለአገራችን ሰላም ያውርድ፤ ልጆቻችን ያለ ሥጋት የሚሮጡበትን ሜዳ አያሳጣን፤ ሰደቃችሁንም ይቀበላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።