አሥራ ሁለት ብልት፣ አንድ በላተኛ

እሷ፦ ለገና «ሆም አሎን»ን ደገምከው?

እሱ፦ እንዴታ! ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፊልም ነው፤ ቤት ብቻውን የቀረው ልጅ ሌቦቹን በቀለም ቆርቆሮ ሲመታቸው ዛሬም ያስቀኛል።

እሷ፦ እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ጎረቤቱ ሽማግሌ ነው። ከገዛ ልጁ ተኳርፎ፣ የልጅ ልጁ ስትዘምር ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሎ የሚሰማው።

እሱ፦ አንቺ ደግሞ ኮሜዲውን ለቅሶ ቤት አደረግሽው!

እሷ፦ እሱ ባይኖር ዱላ ብቻ ነበር እኮ። ቀበና ውስጥስ እንደሱ ያለ ስንት ቤት አለ? ልጆቹ አሜሪካ፣ እናት ብቻቸውን። ዶሮዋ እንደ ደንቡ አሥራ ሁለት ብልት ትወጣለች፤ በላተኛው አንድ።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የፊልሙ ልጅ ሽማግሌውን ፈርቶ ይሸሻል። የቀበና ጎረቤት ግን ሳይጠራ ገብቶ «ቡና የለም እንዴ?» ነው የሚለው።

እሷ፦ በድሮው ግቢ፣ አዎ። ኮንዶሚኒየም የገቡትስ?

እሱ፦ እ… እሱስ ልክ ነሽ።

እሷ፦ አሜሪካ ያሉት ልጆችም ጋ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው። ልጅቷ በምሳ ዕረፍቷ በቪዲዮ ትደውላለች፣ እናት ስልኩን ድስቱ ላይ ደግነው «ሸተተሽ?» ይላሉ።

እሱ፦ ከዚያ ካሜራው ግማሽ ሰዓት ጣሪያ ያሳያል!

እሷ፦ ይኸው፣ ፊልም ማለት ይኼ ነው። የእኛ የበዓል ቀልድ ግን ዘወትር ዶሮ ዋጋ ላይ ይቀራል።

እሱ፦ እሱንማ አትንኪብኝ፤ ዘንድሮ ባንስቅበት ምን ይውጠን ነበር?