ከአሮጌዋ ላንድሮቨር ሥር የተማርነው
(በወጣት ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ሃይፋ፣ ከጋራዥ ቡድኑ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ስለ ቡድናችን ሥራ እንድንናገር ሲነገረን መጀመሪያ ተሳሳቅን። ሌሎቹ ቡድኖች ስለ ትምህርት እገዛ፣ ስለ ጭፈራ፣ ስለ ሲግድ በዓል ዝግጅት የሚያወሩት አላቸው። እኛ ደግሞ የምናወራው ስለ ግራሶና ስለ ዝገት ነው። ግን ብዙ ወላጆች «እነዚህ ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ልብሳቸውን አጥቁረው የሚመጡት ከየት ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ስለ ሰማን፣ ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል።

የምንመጣው ከአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ሥር ነው።

መኪናዋ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራች፣ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ናት። ረጅሟ ባለ 109 ኢንች የምትባለው ዓይነት ማለት ነው። አንድ ሞሻቭ ውስጥ ሜዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆማ፣ ሣር በቅሎባት ነው ያገኘናት። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያልደረሰችበት አገር የለም። እኛ ለእርሷ እንግዳ ነበርን እንጂ ወላጆቻችን አልነበሩም። ፎቶዋን ቤት ወስደን ስናሳይ፣ «ይቺማ የጎንደሯ ላንድሮቨር ናት!» ያላለን ሰው የለም።

ሃይፋም ብትሆን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1951 ካይዘር ፍሬዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ የከፈተው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬም ወደ ቼክ ፖስት ወረድ ብላችሁ ብታዩ የጋራዡ ብዛት ለጉድ ነው። ስለዚህ ዕቃና ምክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም።

ከሁሉ በላይ ያገኘነው ግን ሰው ነው። ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ አልፈለጉም፤ እኛም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ጎንደር ውስጥ መጀመሪያ የሹፌር ረዳት፣ በኋላም መካኒክ ነበሩ። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ እዚህ ከመጡ በኋላ እጃቸው ያን ያህል ሙያ እያወቀ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ጥበቃ ነው። ወረቀት አልነበራቸውም፣ ዕብራይስጡም አልመጣላቸውም። የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም። እኛም ራሳችን የጠየቅናቸው በአጋጣሚ ነው። የአንዳችን አያት ጎረቤት ናቸው።

መጀመሪያ ላይ አንግባባም ነበር። እኛ «ጊር» ስንል እሳቸው «ካምቢዮ» ይላሉ። ክላቹን «ፍሪሲዮን»፣ ክሪኩን «ክሪክ»፣ የብረት ምንጣፍ የሚመስሉትን ስፕሪንጎች «ባሌስትራ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን «ኮሮናውን አጽዱልኝ» ሲሉን በሽታው መስሎን በሳቅ ሞትን። ለካ ኮሮና ማለት ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ ያለው ቀለበት ነው። እሱን የሚያዞረው ትንሹ ደግሞ ፒኞን ነው። ጋሼ የሚያወሩት አማርኛ ነው ስንል፣ ቃላቱ ከጣሊያን መካኒኮች የተወረሱ መሆናቸውንም በዚያው ተማርን።

አሁን ወደ ስህተታችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሞተሩን አጽድተን ሲነሣልን ደስታው አሰከረን። አንድ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሰፋና ከፍ ያሉ ጎማዎች ሰጠን። ጋሼ «ቆይ፣ ከሥር ያለውን ሳናይ አይሆንም» አሉ። እኛ ግን ፎቶ ማንሣት አማረን። ጎማዎቹን ገጠምን፣ አሸዋና ድንጋይ የበዛበት ዳገት ላይ ወሰድናት። የኋላው ጎማ አሸዋው ላይ ተሽከረከረ፤ እኛም ነዳጅ ጨመርን። ጎማው ድንገት ድንጋይ ሲይዝ «ቋ!» አለ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢጫዋን እጀታ ወደ ታች ተጫኗትና የፊት ጎማዎቹ መጎተት ጀመሩ፤ በፊቱ እየተሳበች ቀስ ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። መንገድ ላይ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ምን ሆነ? ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚወስደው የብረት ዘንግ ተሰብሮ ነበር። ለምን እንደተሰበረ ለመረዳት ኃይሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ መከተል ያስፈልጋል። ሞተሩ ያዞራል፤ ፍሪሲዮኑ ያገናኛል፤ ካምቢዮው ያበዛል፤ ረዳት ካምቢዮው ለፊትና ለኋላ ያከፋፍላል፤ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ወደ ዲፈረንሻሎቹ ያደርሳሉ፤ ዲፈረንሻሉ ወደ ግራና ቀኝ ይመልሰዋል፤ በመጨረሻ ጎማ ጋ ይደርሳል።

አሁን ቁጥሩን ስሙን። የእኛ ሞተር 2.25 ሊትር ቤንዚን ነው፤ የማዞር ጉልበቱ ከ160 ኒውተን ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። በዛሬ መኪና ዓይን ይህ ምንም ማለት አይደለም። ግን በአንደኛ ማርሽ፣ በከባዱ ወይም በዳገቱ ደረጃ ስንሆን፣ ካምቢዮውና ረዳት ካምቢዮው አንድ ላይ ጉልበቱን 8 ተኩል ጊዜ ያህል ያበዙታል። ዲፈረንሻሉ ደግሞ በላዩ ላይ 4.7 ጊዜ ያበዛዋል። ስናባዛው 40 ጊዜ ይሆናል። ያቺ ትንሽ 160 ከ6,400 በላይ ሆና ትወርዳለች። ጉልበቱ በሙሉ ወደ ኋላ ከሄደ እያንዳንዱ የጎማ ዘንግ ከ3,200 በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ያም በጸጥታ ሲሠራ ነው። የሚሽከረከር ጎማ ድንገት ሲይዝ እንደ መዶሻ ይመታል። ትልቅ ጎማ ደግሞ እንደ ረጅም ቁልፍ ነው፤ መሬቱ ዘንጉን ለመጠምዘዝ የበለጠ ጉልበት ያገኛል። የዱሮው ላንድሮቨር የኋላ ዘንግ በዲፈረንሻሉ በኩል 10 ጥርስ ብቻ ያለው ቀጭን ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም እዚያው ጥርሱ አካባቢ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ግን አላት። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ዘንጉ ሳይሆን የውጪው ቤት ነው። ስለዚህ ዘንጉ ቢሰበርም ጎማው ተነቅሎ አይሄድም። ጎማው መሐል ያሉትን 6 ብሎኖች ፈትቶ ዘንጉን መሳብ ይቻላል። ጋሼ በደባርቅና በሊማሊሞ መንገድ ይህን በሌሊት፣ በባትሪ መብራት ስንቴ እንደሠሩት ነገሩን። ከባዱ ውስጥ የቀረችውን ስባሪ ማውጣት ነው። የብረት ፍርፋሪ ዘይቱ ውስጥ ከቀረ ኮሮናውን ይበላዋል፤ ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ፈትተን በደንብ አጠብነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። ሦስት ሐሳብ ቀረበ።

የመጀመሪያው፣ ያንኑ ዓይነት ዘንግ ገዝቶ፣ የድሮውን ጎማ መልሶ፣ ተጠንቅቆ መንዳት። ርካሽ ነው።

ሁለተኛው፣ ከሬንጅ ሮቨር የመጣ 3.54 የሚያበዛ ዲፈረንሻል ከፊትም ከኋላም መግጠም ነው። እሱ ሲገባ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ በሩብ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ጩኸቱም ነዳጁም ይቀንሳል። ከመሐላችን ቴል አቪቭ ድረስ በመንገድ ቁጥር 2 መንዳት ያማራቸው ይህንን ወደዱት። ግን ሒሳቡን ስንሠራ ያ 40 ወደ 30 ይወርዳል። ለዚህች ደካማ ሞተር የካርመል ዳገት ላይ ሩብ ጉልበት መቀነስ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ሳልስበሪ የሚባለው ከባዱ የኋላ አክስል ነው። ላንድሮቨር ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በረጅሟ መኪና ላይ የገጠመው ነው። ኮሮናው ትልቅ ነው፤ ዘንጉ ወፍራም ሆኖ ጥርሱ 24 ነው። ጉዳቱም አለው፤ ይከብዳል፣ ሆዱም ትንሽ ወደ መሬት ይቀርባል።

ሦስተኛውን መረጥን። አንዱ ምክንያት ባሌስትራው ላይ ልክ መግባቱ ነው። ሌላው ማብዣው ከፊተኛው ጋር አንድ መሆኑ ነው። ይህን ወጣቶች ልብ በሉ፤ ፊቱና ኋላው እኩል ካልሆኑ፣ በአራት ጎማ ደረቅ መንገድ ላይ ስትነዱ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ ሁለቱ ዘንጎች እንደ ገመድ ይከረራሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ይበጠሳል። ለአውራ ጎዳና ፍጥነት ደግሞ ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ ከካምቢዮው ኋላ የሚገባ ኦቨርድራይቭ እንጨምራለን፤ ሲፈለግ ብቻ ማርሹን ወደ 28 ከመቶ ያህል የሚያቀል ነው፤ ዳገት ላይ ይጠፋል።

ሥራው ስድስት ወር ወሰደ። አዲሱ አክስል አፍንጫው ስለሚረዝም ወደ እሱ የሚሄደውን ዘንግ በአጭር ቀየርን። የሁሉንም ክሮቸራ አወጣን። ኩሽኔታዎቹን ለወጥን። ኮሮናና ፒኞኑ በትክክል መገናኘታቸውን ለማየት ጥርሶቹን ቀለም ቀባን፣ በእጅ አዞርን፣ ቀለሙ የት ላይ እንደተነካ አየን። የጥርሱ መሐል ላይ ካረፈ ጥሩ ነው፤ ጫፍ ላይ ከሆነ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ጋሼ አራት ጊዜ አስፈቱን። በአራተኛው «አሁን ሰው ሆናችሁ» አሉን።

የዘይት ጎሚኒዎቹንም አንድ በአንድ ለወጥን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከአክስሉ የሚያፈተልክ ዘይት ፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ይገባል፤ ዘይት የነካው ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከካርመል ቁልቁል ፍሬን አልባ መውረድ ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ስለዚህ ትእዛዙን በግድግዳ ላይ ጻፍነው፤ «መጀመሪያ የሚያቆመው፣ ቀጥሎ የሚሸከመው፣ መጨረሻ የሚያስኬደው።» እኛ መጀመሪያ ላይ የሠራነው በተቃራኒው ነበር።

ሕጉንም አልረሳንም። በእስራኤል 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነች መኪና እንደ ሰብሳቢ መኪና ልትመዘገብ ትችላለች፤ ነገር ግን የመኪናን አካል ለውጦ ዝም ብሎ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሌላ ኩባንያ አክስል ቆርጠን በየድን ያልገጠምነው አንድም ለዚህ ነው። ወረቀቱን የሞላነው እኛ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለመርማሪው ያስረዱት ጋሼ፣ በመሐል ያስተረጎምነውም እኛው ነን። መርማሪው ሲጨርስ ለጋሼ «የት ነው የተማርከው?» አላቸው። ጋሼም «ጎንደር» አሉ። በቃ፣ ሌላ አልጨመሩም። እኛ ግን ያቺን ቃል አንረሳትም።

ወላጆቻችን፣ አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ፈርታችሁ ነበር። «እኛ እዚህ ድረስ የመጣነው ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ እንጂ ሙሳክ እንዲገቡ አይደለም» አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣም እናውቃለን። ከኛ በፊት የነበሩ ታላላቆቻችን ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ወደ ሙያ ትምህርት ብቻ ተገፍተዋል። «ለእናንተ ይሄ ይበቃችኋል» ማለት ስድብ ነው።

ነገር ግን ራስ መርጦ እጅን ማቆሸሽና ተገፍቶ ማቆሸሽ አንድ አይደሉም። ከቡድናችን አንዷ በሒሳብ ፈተናዋ ላይ ያ 40 ጊዜ የምትለዋ ነገር ረዳቻት፤ አሁን ዓላማዋ ቴክኒዮን ገብታ መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ነው። ሌላው ግን መካኒክ መሆን ነው የምፈልገው ይላል፤ እናቱም በመጨረሻ «ጥሩ መካኒክ ሁን እንጂ» ብላዋለች። ሁለቱም አላፈሩም። እኛን ያሳፈረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሰፈራችን፣ በየፎቁ፣ እንደ ጋሼ ያሉ ስንት ሰዎች ሳይጠየቁ መቀመጣቸው።

ባለፈው ወር መኪናዋን ከባሕሩ ጠርዝ አንሥተን ካርመል አናት ድረስ አወጣናት። ጋሼ መሪውን ያዙ። ዳገቱ ሲበረታ ማርሽ ቀነሱ፣ ጆሯቸውን ወደ ታች ሰጡ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «አትጮህም» አሉ። ከላይ ሆነን ባሕሩን እያየን ሻይ ጠጣን። ፎቶ ያነሣነው ያኔ ነው፤ ጎማውም የድሮው ልክ ነው።

ማክሰኞ ማታ በሩ ክፍት ነው። ወጣቶች፣ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ። አባቶችና እናቶች፣ ሙያ ያላችሁ፣ ሸክላ የሠራችሁ፣ ብረት የቀጠቀጣችሁ፣ ሽመና የምታውቁ፣ መኪና የነዳችሁ፣ እባካችሁ እናንተም ኑ። ዕብራይስጡን ለእኛ ተዉት።