ሽታው ከጠፋ በኋላ፦ ከደን ተን ወደ ደመና



የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣቱ አሽቶ ያላሸተተ ሰው በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አላስብም። ጠረኑ ለአፍንጫችን የሚደርሰው ቅጠሉ ያዘጋጃቸው ሞለኪውሎች ተነው ከአየር ጋር ስለሚቀላቀሉ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሽታው ይጠፋል። ሞለኪውሎቹስ የት ገቡ? የዛሬው ንግግሬ ይህችን ጥያቄ የሚከተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፍሪትስ ዌንት የተባሉ ትውልደ ሆላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደን በተሸፈኑ ተራሮች ላይ የሚያንዣብበው ሰማያዊ ጭጋግ ከዕፅዋት ከሚወጣ ተን የተፈጠረ ነው አሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነበር። ጭጋጉ ሰማያዊ የሚመስለው ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝተው ስለሚበትኑ ነው። ተኑ እንዴት ቅንጣት እንደሚሆን መረዳት ግን ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የፊንላንድን ደን እንውሰድ። በሂዩቲያላ የምርምር ጣቢያ ዙሪያ የሚበቅለው የፓይን ዛፍ ከሚለቃቸው ዋና ዋና ተኖች አንዱ አልፋ-ፓይኒን ይባላል፤ 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። በውስጡ ያለውን ድርብ ትስስር ኦዞን ሌትም ቀንም ያጠቃዋል፤ ቀን ደግሞ የፀሐይ ብርሃን የሚያስገኘው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይጨመርበታል። ሞለኪውሉ ኦክስጅን በተሸከመ መጠን የመትነን ኃይሉን እያጣ ባገኘው ነገር ላይ መለጠፍ ይቀናዋል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። በሂዩቲያላ በጸደይ ቀናት ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶች ረፋድ ላይ ተወልደው በሰዓታት ውስጥ ብዙ እጥፍ ሲያድጉ ይለካሉ። ኦክስጅንን በየተራ ቀስ እያለ የሚጨምረው የተለመደው ኬሚስትሪ ለዚህ ፍጥነት አይበቃም፤ ሰልፈሪክ አሲድም ብቻውን ዕድገቱን አይሸፍንም። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚካኤል ኤን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ይፋ ሆነ። ከኦዞን ጋር የተጋጨው ሞለኪውል ወደ ፐሮክሲ ራዲካል ይለወጣል። ይህ ራዲካል ሌላ አጥቂ ሳይጠብቅ ከገዛ አካሉ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ በተከፈተው ቦታ አዲስ የኦክስጅን ሞለኪውል ይገባል፤ ድርጊቱም ይደጋገማል። በሰከንዶች ውስጥ፣ ከእንግዲህ አይተንም ሊባል የሚችል ከባድ ሞለኪውል ይገኛል። የሚገርመው፣ ይህ ሂደት ለምግብ ኬሚስቶች እንግዳ አልነበረም፤ የቆየ ዘይት የሚከረፋው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ የአየር ተመራማሪዎች ጎረቤታችንን ሳንጠይቅ ቆየን።

ጉዳዩ ከኬሚስትሪ ያልፋል። እያንዳንዱ የደመና ጠብታ የሚቋጠርበት ቅንጣት ይሻል። ለረጅም ጊዜ አዲስ ቅንጣት እንዲወለድ ሰልፈሪክ አሲድ ግድ ነው ይባል ነበር። ይህ አሲድ ዛሬ በአመዛኙ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ጭስ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የነበረው ሰማይ ቅንጣት ያነሰው ተደርጎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በሰርን የሚካሄደው የክላውድ ሙከራ የአልፋ-ፓይኒን ውጤቶች ያለ ሰልፈሪክ አሲድም ቅንጣት እንደሚወልዱ አሳየ። የጥንቱ ሰማይ ከታሰበው ይልቅ ደመናማ ከነበረ፣ የሰው ልጅ ጭስ ደመናን አብርቶ ምድርን ያቀዘቀዘበት መጠን ከተገመተው ያንሳል ማለት ነው።

የሚቸኩል ሰው «እንግዲያው ዛፍ በበዛ ቁጥር ቅንጣት ይበዛል» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዕፅዋት ከሁሉ አብልጠው የሚለቁት አይሶፕሪን ነው፤ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ይህ 5 ካርቦን ብቻ ያለው ሞለኪውል ራሱ የሚሰጠው ቅንጣት ከመጠኑ አንጻር ጥቂት ነው። ከአልፋ-ፓይኒን ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሃይድሮክሲሉን ይሻማዋል፤ ከባዶቹ ሞለኪውሎች እንዳይሠሩም መንገድ ላይ ያሰናክላቸዋል። ባሕር ዛፍ ሁለቱንም ተኖች ይለቃል። ስለዚህ ከእንጦጦ በላይ ያለውን አየር ከፊንላንድ በመጣ ቁጥር ልናሰላው አንችልም፤ መሣሪያ ይዞ እዚያው መውጣት ግድ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።