አማቶች ሲበዙ

እንግሊዝኛ የባልን ወይም የሚስትን እናት «ማዘር-ኢን-ሎው» ይላል፤ ሦስት ቃል በሁለት ጭረት ተሰፍቶ። አማቶቹ ሲበዙስ? ብዙዎች «ኤስ»ን መጨረሻ ላይ ይለጥፏታል። ቦታዋ ግን «ማዘር» ላይ ነው፦ «ማዘርስ-ኢን-ሎው»። «ሎው» ሕግ ነው፤ የበዙት እናቶቹ እንጂ ሕጉ አይደለማ! ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንን አብያተ ክርስቲያናት ስንል ማብዛቱን ከፊተኛው ቃል እንጀምር የለ?

«ስፑንፉል»፣ ማንኪያ ሙሉ፣ ግን ያለ ጭረት የተዋሐደ አንድ ቃል ነውና «ስፑንፉልስ» ይሆናል።

ጭረቷ ራሷ አትታመንም። ሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2007 እትሙ ከ16,000 ገደማ ቃላት ላይ ነቅሏታል። «አይስ-ክሬም» ለሁለት ተከፈለ፤ «በምብል-ቢ» የተባለችው ንብ ደግሞ ገጥማ አንድ ቃል ሆነች።