የሞተር መብራት ሲበራ አስቀድሞ ውሃውን ማየት

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር፤ ላልተገኙት አባላት እንዲነበብ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ስለምትበራው ብጫ የሞተር ምልክት፣ ማለትም ሹፌሮቻችን «ቼክ ኢንጂን» ስለሚሏት መብራት ነው። «መኪና የለኝ፣ እኔ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከወገዳ ሕመምተኛ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሲሄድ የሚሳፈረው በማን መኪና ነው? ሞተሩ ዳገት ላይ ቢቃጠል የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም። በተጨማሪም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል።

መብራቷ የታመመውን ዕቃ ስም አትናገርም። የምትለው «አንድ ነገር ከልኩ ወጥቷል፣ ፈልጉ» ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ የመመርመሪያ ማሽን ሲሰካ ቁጥር ይወጣል። ከውሃው ጋር የሚያያዙት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ፒ 0128፦ ሞተሩ በጊዜው አልሞቀም። ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ እንደተከፈተ ተጣብቆ ነው፤ ውሃ ሲጎድልም ይመጣል። መኪናው ስላልጋለ «ምንም አይል» ይባላል፤ ይሁንና ነዳጅ ያለ አግባብ ይበላል።

2ኛ/ ፒ 0117 እና ፒ 0118፦ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። ስለሆነም ሴንሰር ከመግዛት በፊት ሽቦውንና መሰኪያውን ማየት ነው።

3ኛ/ ፒ 0480፦ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሩ መስመር። ከፊውዙና ከሪሌው ይጀመራል።

4ኛ/ ፒ 0217፦ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ይኼ ለነገ የሚባል አይደለም።

ታዲያ ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደሰማ ዕቃ ሊገዛ ይሮጣል። ሴንሰር ይቀየራል፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ትበራለች። ለካ ራዲያተሩ ሲያፈስ ኖሯል! ገንዘቡም ባከነ፣ ሞተሩም ተጎዳ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃውን ማየት፤ ከሥር የፈሰሰ እንዳለ መሬቱን መመልከት፤ ጎማ ቱቦዎቹን፣ ቺንጋውንና ክዳኑን መፈተሽ፤ ከዚያ ቬንትሌተሩ፣ ከዚያ ቴርሞስታቱ። ሴንሰር በመጨረሻ ነው።

በእኛ አገር ክዳኑ የተለየ ነገር አለው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በ2,700 ሜትር ከፍታ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተርም የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ከወረታ ሜዳ፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና፣ የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ዳገቱ ላይ ይፈላበታል። ትንሽ ላስቲክ ናት እንጂ ጉዳቷ ትንሽ አይደለም። ቴርሞስታት በድስት ውሃ የምትሞክሩም ይህን አስቡ፤ እዚህ ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ ደህናውን አትጣሉ።

አንድ ማታለያም አለ። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየነደደ የሙቀት መቁጠሪያው ቀዝቃዛ ሊያሳይ ይችላል። መቁጠሪያው ድንገት ቢወርድ «ዳነ» አይባልም፤ ቆሞ ማየት ነው።

መንገድ ላይ ሲግል ደህና ቦታ ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ክዳኑንም እስኪበርድ ድረስ አለመንካት። የታፈነው ውሃ ሲለቀቅ ፊትና እጅ ይልጣል። ልጆችን አርቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ነጭ ጭስ ከበዛ፣ ዘይቱም ወተት ከመሰለ፣ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቷልና ሞተሩን ሳያስነሱ መካኒክ መጥራት ይገባል። የሚቀዳውን ኩላንት ደግሞ በየሜዳው አትድፉ፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጅም ከብትም ይጎዳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ለራዲያተርም ቢሆን ከወንዝ የተቀዳ ደፍራሽ ውሃ ደለሉን ይዞ ስለሚገባ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል። በየመኪናው አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይኑር። መብራቷንም በፕላስተር አትሸፍኗት።

ተሳፋሪዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ሹፌሩ «ሞተሩ ጋለ» ብሎ ሲያቆም «ንዳ እንጂ፣ መሸብን!» አትበሉት። የአንድ ሰዓት መዘግየት መኪናውን ያተርፋል፤ ነገ ሕመምተኛ ይዞ የሚሮጠው ያው መኪና ነው።