ዕድራችን በቁም ሳለንም ይርዳን
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ለቅሶ ሲሆን ድንኳን በመትከል እኛን ደባርቆችን የሚቀድመን የለም። አልጋ ላይ ለቀረ ሽማግሌ ግን ውኃ የሚያቀብለው ማነው? ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ ጎንደርና መተማ ወርደዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጭና ላይ በደረሰው እልቂትም ጧሪውን ያጣ አለ።

ፎገራ ያለውን አውራምባን ተመልከቱ። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተቋቋመው ማኅበር ሸማ እየሸመነ፣ እህል እየፈጨ ይተዳደራል፤ ከገቢውም አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በአንድ ቤት ሰብስቦ ይጦራል። መጦሪያው የሚገኘው ከሥራ ነው።

የእኛ ድንኳንና ድስት አብዛኛውን ቀን ተቆልፎበት ይውላል። ለሠርግ እናከራየው። በኪራዩ ችግረኛ እናቶች ተደራጅተው በሶና እንጀራ ይሽጡ፤ በተራም የታመመውን ያብሉ፣ ልብሱን ይጠቡ፤ ለድካማቸው ይከፈላቸው። ሕጉም አለ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ሒሳቡ በደረሰኝ ይሁን፤ የቀብሩ ገንዘብ ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ አይነካ።

ወገኖቼ፣ የሞተን በክብር መሸኘት ደግ ነው፤ ሳይሞት መድረስ ግን ይበልጣል። ዛሬ ሳንወስን አንበተን።